ቡናው ገንዘብ፣ እንሰቱ ጎተራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





በዛሬው ዕለት ስለ ቡና ብዙ ተነግሯል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ከቡናው ጎን ስለቆመው እንሰት ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። የጌዴኦ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ረጃጅም ዛፎችን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ ማሳ አጣምሮ ኖሯል። ይህ የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግቧል።

ቡና ገንዘብ የሚያስገባው በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም የሩቅ ገበያ ነው። በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ወድቆ የደረሰውን ችግር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። እንሰት ግን ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቢፈጅም፣ ሲቸግር በየትኛውም ወር ይፋቃል። ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህ ለቡና ወይም ለባሕር ዛፍ ቦታ ለማግኘት እንሰትን ነቅሎ መጨረስ የራስን ጎተራ ማፍረስ ነው።

ሌላው ጠላት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሚያድን ኬሚካል የለውም። የሚዛመተው በአብዛኛው የታመመ ተክል በቆረጠ ቢላዋና የታመመ እንሰት በበሉ ከብቶች ነው። መከላከያው በእጃችን ነው፦

1ኛ. የታመመውን ተክል ነቅሎ ከማሳው ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፤
2ኛ. ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጽዳት፤
3ኛ. ከብት ወደ ማሳው አለማስገባት፣ ችግኝም ከጤነኛ ማሳ ብቻ መውሰድ።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ ጎረቤቱ ካልተጠነቀቀ ዋጋ የለውም። ስለሆነም የቀበሌ አመራሮች ሥራውን በዘመቻ እንድታስተባብሩ፣ ዩኒየናችንም ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድበው ገንዘብ ለጤነኛ እንሰት ችግኝ ጣቢያ እንዲያውል በትሕትና እጠይቃለሁ። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ዝርያውንም ለይተው የሚያውቁት እናቶች ናቸውና ለሥልጠና አባወራው ብቻ አይጠራ።

ቡናችን ስማችንን ለዓለም ያስጠራል፤ ልጆቻችን ጠግበው የሚያድሩት ግን በእንሰቱ ነው። ሁለቱንም አብረን እንጠብቅ።