ግራፉ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዘንድሮውን ሪፖርት ከማቅረቤ በፊት ስለ ሁለት ስሕተቶቼ ልንገራችሁ። አምና በዚሁ አዳራሽ ብድሩ ለምን ሥራ እንደዋለ የሚያሳይ ፓይ ቻርት አቅርቤ ነበር። ጉሊት፣ እንጀራ፣ ባልትና፣ ዶሮ እርባታ፣ ልብስ ስፌት እያልኩ ክቡን ዘጠኝ ቦታ ከፋፍዬ በዘጠኝ ቀለም አሳመርኩት። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ባልትናው ነው ወይስ እንጀራው የሚበልጠው?» አሉኝ። ስዕሉን ባየው ባየው መለየት አቃተኝ። ቁጥሩን ከወረቀቴ ፈልጌ መለስኩላቸው።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ግራፍ የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን በሚመልሰው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ከሆነ ባር ግራፍ ይሻላል። ዓይናችን ከክብ ቁራጭ ይልቅ የቁመትን ልዩነት ቶሎ ይለያል። ዓምዶቹ ግን ከዜሮ መነሣት አለባቸው። ለምሳሌ አንዱ ቡድን 48,000፣ ሌላው 50,000 ብር ቢቆጥብና ግራፉን ከ47,000 ብናስጀምረው፣ የሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ስዕሉ ግን ዋሸ።

ጥያቄው «ከጠቅላላው ምን ያህሉ ነው?» ከሆነ ፓይ ቻርት ጥሩ ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት ሲሆኑና ድምራቸው መቶ በመቶ ሲሞላ። «የብድሩ መጠንና የክፍያው መዘግየት ይያያዛሉ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ደግሞ እያንዳንዷን ተበዳሪ በአንድ ነጥብ የሚያሳይ የነጥብ ግራፍ አለ።

«ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት ተለወጠ?» ለሚለው የመስመር ግራፍ እንጠቀማለን። ሁለተኛው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው የቁጠባ መስመር ሁልጊዜ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የሚያሳየው ከመጀመሪያ ጀምሮ የገባውን ገንዘብ ድምር ስለነበር፣ ትንሽም ብትገባ ከመውጣት በቀር መውረድ አይችልም። ዘንድሮ የየወሩን ቁጠባ ለብቻው አድርጌ፣ የሦስት ዓመቱን በሦስት መስመር ሣልኩት። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ያዘቀዝቃሉ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ። የምዝገባ፣ የዩኒፎርም፣ የደብተርና የበዓል ወጪ የሚደራረብበት ጊዜ ነው።

እኛ ግን በእነዚሁ ወራት የዘገዩትን ስንቀጣ ኖረናል። በቅጣቱ ተማርረው ከማኅበሩ የወጡ እህቶች አሉን። እኔ ራሴ ደረሰኙን እየቆረጥኩ «ቸልተኞች ናቸው» እል ነበር። ቁጥሩ በመዝገቤ ውስጥ ነበር፤ ደብቆ ያስቀረው የመረጥኩት ግራፍ ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት ነርስ በ1858 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ግራፍ፣ በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹን የገደላቸው ቁስል ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን አሳይታ ነበር። የሟቾቹን ድምር ብቻ ብታቀርብ ኖሮ ምክንያቱ ባልታየ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ደጋፊዎቻችን፣ በሚቀጥለው ሪፖርት የሚወርድ መስመር ስታዩ አትደንግጡ፤ ካለፈው ይልቅ እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። እህቶቼ፣ የነሐሴና የመስከረም ቅጣት ይነሣ የሚለውን ሐሳብ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለድምፅ አቀርባለሁ። ግራፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሻይ ስትጠጡ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ያልገባችሁ ካለ እንደዚያች እናት ጠይቁኝ።