ስማችንን ለማን እናደራ?
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ስለምንሰጥበት ጉዳይ ነው። በርበሬያችንንና ሽሯችንን ከሰፈር አውጥተን ሱፐርማርኬት ለማስገባት የማርኬቲንግ አማካሪ እንቅጠር ወይስ ይቅርብን? ብንቀጥርስ ማንን? ገንዘቡ ከወርኃዊ መዋጯችን የተጠራቀመ ነው። ከልጆቻችን ደብተርና ከቤት አስቤዛ ተርፎ የመጣ ብር ስለሆነ፣ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ነገሩን አገላብጠን እንየው።

መጀመሪያ ብራንድ ስለሚባለው ነገር ልበል። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ከረጢቱ ላይ የሚታተመውን ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ነው። ብራንድ ማለት ገዢዋ ከረጢቱን ሳትከፍት ስለ እኛ የምታምነው ነገር ነው። በየሰፈራችን «የእትዬ እገሌ በርበሬ ካልሆነ አልገዛም» የምትል ሴት አለች። እትዬ እገሌ ሥዕልም ማስታወቂያም የላቸውም፤ ብራንድ ግን አላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ለገበያም ይሠራል።

ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከቡናችን እንማር። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ብዙ ያነጋገረ ክርክር ተነሣ። በ2007 ግን ኩባንያውና መንግሥት ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ተስማምተው ፈረሙ። ልብ በሉ፣ ቡናው ድሮም ይሸጥ ነበር። ያን ሁሉ ሙግት ያስነሣው ስሙ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ አካባቢ ያቋቋመችው ሶልሬብልስ የተባለው የጫማ ድርጅት የተነሣው ሁላችን ከምናውቀው በረባሶ ነው። ከአሮጌ ጎማ ጫማ መሥራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እሷ ግን አላፈረችበትም፤ የሌላ አገር ጫማ ለማስመሰልም አልሞከረችም። የራሳችንን ታሪክ ይዛ የውጭ ገበያ ገባች። ጥሩ አማካሪ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ ያለንን ያወጣልናል እንጂ የሌለንን አይቀባብንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ማንም አማካሪ ሊመልስልን የማይችላቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው፣ የምንሸጠው ለማን ነው? ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እናት በርበሬ የምታሰጣበት ግቢም ጊዜም የላትም፤ የምትፈልገው በግማሽ ኪሎ የታሸገ ነው። ምግብ ቤት ደግሞ በየሳምንቱ ቀለሙና ቃሪያነቱ የማይለዋወጥ፣ ዋጋውም የማይዋዥቅ በርበሬ ይሻል። ውጭ አገር ላለ ልጇ ስንቅ የምትልከው ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ ጠንካራ እሽግ ትፈልጋለች። ሦስቱንም ባንዴ እናስደስት ካልን አንዷንም አናስደስትም። ከየትኛዋ እንደምንጀምር እንወስን።

ሁለተኛው፣ ምን ቃል እንገባለን? ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት በርበሬና ቅቤ በየጊዜው ስለሚወራ ገዢ ደንግጧል። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀላቅለውም እንዲሁ ይጽፋል። የሚለየን የምናሳየው ሥራ ነው። ዛላው መሬት ሳይነካ ምንጣፍ ላይ መሰጣቱን፣ የሻገተው ተለቅሞ መጣሉን፣ የተፈጨበት ቀን እሽጉ ላይ መጻፉን ማሳየት አለብን። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ ወጡ ስለተቁላላ አይጠፋም። ይህ የጤና ጉዳይ ነው፤ የስማችንም ጉዳይ ነው። እንዲሁም «የማረቆ በርበሬ» ብለን ከጻፍን የማረቆ መሆን አለበት። ሲወደድ ሌላ ገዝተን በዚያው ከረጢት ካሸግን ራሳችን ስማችንን ሸጥነው ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ቃሉን በየቤታችን መጠበቅ እንችላለን ወይ? ሁላችንም ባለሙያ ነን፤ ግን የእያንዳንዳችን እጅ የተለያየ ነው። አንዷ ኮረሪማ ታበዛለች፣ ሌላዋ ጨው ትቀንሳለች፣ አንዳንዶቻችን ያለ ጤና አዳም አይሆንልንም። ገዢዋ ግን ዛሬ የቀመሰችውን በሚቀጥለው ወርም መቅመስ ትፈልጋለች። ስለዚህ ለአንድ ፈረሱላ፣ ማለትም ለ17 ኪሎ በርበሬ፣ ስንት ኮረሪማ፣ ስንት ጥቁር አዝሙድ፣ ስንት ነጭ ሽንኩርት እንደሚገባ በሚዛን ተስማምተን እንጻፈው። ይህ ሳይሆን ሥዕል ማሠራት ቤት ሳይሠሩ መጋረጃ መግዛት ነው።

እነዚህን ከመለስን በኋላ አማካሪ መምረጥ ይቀላል። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቀን እንይ። ስለ ምርታችን፣ ስለ ገዢያችን፣ ስለ ወጪያችን ሳይጠይቅ ቀለምና መፈክር የሚያሳየን ሰው ለሌላ ያዘጋጀውን ነው ያመጣልን። «በሦስት ወር አገር ሁሉ ያውቃችኋል» የሚለንንም እንጠንቀቅ፤ ሽያጭን በእርግጠኝነት ቃል መግባት የሚችል የለም። በማኅበራዊ ሚዲያ ተከታይ ገዝቶ ቁጥር የሚያሳየን ካለም፣ ተከታይ ሁሉ በርበሬ ገዢ አለመሆኑን አንርሳ።

ቀጥሎ ቀድሞ የሠራላቸውን ሰዎች እናነጋግር። ቢቻል እንደ እኛ ትንሽ የሆነ ድርጅት ይሁን። የምንጠይቃቸውም «ደስ ብሏችኋል ወይ?» ብለን ሳይሆን «በቀጠሮው ጨረሰ? በመካከል ዋጋ ጨመረ? ሥራውን የሠራው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ላከ? ከሄደ በኋላ ራሳችሁ ማስቀጠል ቻላችሁ?» ብለን ይሁን።

ከዚያ ውሉ ነው። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፋፈል እንጂ አብዛኛው አስቀድሞ አይሰጥ። ሥዕሎቹ፣ ፎቶዎቹና ዋና ፋይሎቹ የማኅበሩ ንብረት መሆናቸው ይጻፍ። የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾቻችን በማኅበሩ ስልክ ይከፈቱ፤ የይለፍ ቃሉም በጸሐፊያችን እጅ ይሁን። ይህን ከመጀመሪያው ካልያዝን፣ ከአማካሪው ጋር የተለያየን ቀን ገዢዎቻችንም ከእሱ ጋር ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የስሙ ምዝገባ ነው። በአገራችን የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው በአማካሪው ወይም በአንዲት አባል ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይቅረብ። አዋጁ ለማኅበራት የሚሆን የወል የንግድ ምልክትም አለው፤ አባላት ሁሉ በደንብ የሚጠቀሙበት ማለት ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ስም ስንመርጥም «ምርጥ በርበሬ» ዓይነቱ አያዋጣም፤ ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ተራ ቃል ማንም የሚጠቀምበት ስለሆነ አይመዘገብም። ለእኛ ብቻ የሚሆን ስም እንፈልግ፤ ከረጢት ከማሳተማችን በፊትም ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ እናጣራ።

በመጨረሻ ሒሳቡን እንሥራ። እንበልና ከአንድ ኪሎ 60 ብር ይተርፈናል፣ አማካሪው ደግሞ 90,000 ብር ጠየቀን። ገንዘባችን የሚመለሰው ዛሬ ከምንሸጠው በላይ 1,500 ኪሎ ስንሸጥ ነው። በወር 250 ኪሎ መጨመር ከቻልን 6 ወር ይፈጃል። ያን ያህል ማዘጋጀት እንችላለን? ሱፐርማርኬቱ ዕቃውን ተረክቦ ክፍያውን ቢያዘገይ እስከዚያ ዛላ የምንገዛበት አለን? መልሱ «የለንም» ከሆነ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን ትንሹን ሥራ እናስቀድም፦ መጠኑን እናስማማ፣ ስሙን እናስመዝግብ፣ በአንድ ዓይነት እሽግ በጥቂት ሱቆች እንሞክር። ለአማካሪውም መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሥራ ሰጥተን እንየው።

እኔ አማካሪ አያስፈልገንም አላልኩም። የገበያ ሙያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚያውቅ ሰው እኛ በዓመት የምንደርስበትን መንገድ ያሳጥርልናል። የምለው ተዘጋጅተን እንጠብቀው ነው። እስከ ጉባኤው ድረስ በየቡድናችሁ ቡና ስትጠጡ ሦስቱን ጥያቄዎች ተወያዩባቸውና መልሳችሁን ለጸሐፊያችን አስረክቡ። አማካሪ ብንቀጥርም ባንቀጥርም፣ ያ ወረቀት የማኅበራችን የመጀመሪያው የገበያ ዕቅድ ይሆናል።