ሰፈር ራሱን ሲያሳይ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ቺካኖ ስለሚባሉት፣ ማለት ትውልዳቸው ከሜክሲኮ ስለ ሆነ አሜሪካውያን ነው።

እነዚህ ሰዎች ብዙ ዘመን በቴሌቪዥን የሚታዩት ወይ ወንጀል ሲሠራ ወይ ለመሣቂያ ነበር። ኑሯቸውን በቁም ነገር ይጽፍ የነበረው ጋዜጠኛ ሩበን ሳላዛር እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ሰልፍ በተደረገበት ቀን፣ ፖሊስ በተኮሰው የአስለቃሽ ጢስ ጥይት ተመቶ ሞተ። ታዲያ ከእርሱ በኋላ ማን ይናገርላቸው?

እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥት የትልልቅ ከተሞች የኬብል ኩባንያዎች አንድ መሥመር ለነዋሪው ሕዝብ እንዲተዉ አዘዘ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው፤ በ1984 ደግሞ ምክር ቤቱ ከተሞች ይህን እንዲጠይቁ ፈቀደ። ኩባንያው ለምን ይከፍላል ትሉ ይሆናል። ሽቦውን የሚዘረጋው በሕዝብ መንገድ ላይ ነዋ! ስለዚህ ከተማው ከገቢው እስከ 5 በመቶ ያስከፍለዋል።

በዚህ መሥመር ሠርጉ፣ የግድግዳው ሥዕል፣ ስለ ትምህርት ቤት የሚደረገው ክርክር፣ የሽማግሌዎች ትዝታ ሁሉ ይታያል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም አንዳንዴ ይጠፋል፤ እኔ ግን ከተኳለው ፊልም ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ ይናገራልና።

ዛሬ ብዙ ሰው ኬብሉን ስለ ተወ ገንዘቡ ቀንሷል። የድሮው የቪዲዮ ክርም ዕድሜው አጭር ነው፤ ቶሎ ካልተገለበጠ በውስጡ ያለው የአያቶች ድምፅ አብሮ ይጠፋል።