ያልተበላው ምሳ ዋጋ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዐቢይ ጾም ነው። ጸሎቱንና ስግደቱን ቆሞሳችን ከእኔ በተሻለ ያስተምራሉ፤ እኔ የመጣሁት ስለ ገንዘቡ ላወራ ነው። ጿሚ ሳይበላ ያሳለፈው ምሳ ዋጋ አለው። ዋጋው ኪሱ ውስጥ ከቀረ ሰውየው ቆጥቧል። ከኪሱ ከወጣ ደግሞ የደረሰበት ቦታ መኖር አለበት። ወዴት ሄደ? ማን ተቀበለው? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የዐቢይ ጾም ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል ስናየው፣ በቀኖና በኩል ሲያዩት የሚሰወር ብዙ ነገር ይገለጣል። ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በየመሐሉ ሳላስጠነቅቅ እንዳላደናግራችሁ።

ጥያቄው የቆየ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ከተማ የኖረ ሄርማስ የሚባል ክርስቲያን «እረኛው» የተሰኘ መጽሐፍ ትቶልናል። በአንዱ ምዕራፍ ሄርማስ ጾሞ ተቀምጧል። በእረኛ አምሳል የሚገለጥለት መልአክ ይመጣና በማለዳ እዚህ ምን እንደሚሠራ ይጠይቀዋል። እንደ ልማዱ እየጾመ መሆኑን ሲነግረው፣ እረኛው ጾሙን አላደነቀለትም፤ አረመው እንጂ። ቀጥሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ከሒሳብ ሹም አፍ የወጣ ይመስላል፦ በጾሙ ቀን ከእንጀራና ከውሃ በቀር እንዳይቀምስ፣ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረው ምግብ ስንት እንደሚያወጣ እንዲያሰላ፣ ያንኑ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለሌላ ችግረኛ እንዲሰጥ። «እንደ አቅምህ» የሚል ነገር የለበትም። ልኩ ያልተበላው ምግብ ነው።

መጽሐፉ እኛን በሌላ መንገድም ይነካናል። በግሪክኛ የተገኙት ቅጂዎች መጨረሻቸው ጎድሎ ሲገኝ፣ የግዕዝ አባቶች ግን ተርጉመው አቆይተውታል። በ1847 አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ አጋሜ ውስጥ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም፣ በደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ማለት ነው፣ የግዕዙን ብራና አግኝቶ አስገለበጠ፤ በ1860 ላይፕዚግ ላይ ታተመ። ዳባዲ ካቶሊክ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮን ወደ ትግራይ ሲገባ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። በ1839 ዐድዋ የደረሱት ሚሲዮናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ያረፉትም መጽሐፉ በታተመበት በ1860 ነው። እኚህ ሰው ተከታዮቻቸውን ወደ ላቲን ሥርዓት አልጎተቱም፤ ግዕዙን ይዘው ሠሩ። ስለዚህ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ዛሬም ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ጋር አብሮ ጾም ይይዛል፣ አብሮ ይፈታል። የጾሙ ሒሳብም በዚሁ አገር ብራና ላይ ለዘመናት ተጽፎ ኖሯል።

ወደ ሄርማስ ዘመን እንመለስ፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም የክርስቲያኖች የእሁድ ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ ጽፏል። ያለው በፈቃዱ ይሰጣል፤ የተሰበሰበው በጉባኤው መሪ ዘንድ ይቀመጣል፤ መሪው ሙት ልጆችን፣ መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና መንገደኞችን ይረዳበታል። ዛሬ አንድ ቁምስና የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሲያቋቁም የሚያወጣው ዝርዝር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከ440 እስከ 461 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ታላቁ ልዮን ደግሞ በየዓመቱ የዐቢይ ጾም ስብከታቸው ወደ አንድ ነገር ይመለሱ ነበር፦ ጿሚው የተወው ምግብ የድሃ ምግብ ይሁን። አድማጮቻቸው ሳይሰለቹ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ፤ ያለ ምክንያት ግን አልደጋገሙትም።

አሁን ወደማያኮራው ክፍል ልለፍ። ብዙዎቻችሁ የላቲን ካቶሊክ ጾም ቀላል ነው ትላላችሁ። በመካከለኛው ዘመን ግን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም ተከልክሎ ነበር፤ ከእኛ ጾም ጋር የሚቀራረብ ነበር። ጣሊያንና ስፔን የወይራ ዘይት ስላላቸው ብዙም አልተቸገሩም። ቅቤ እንጂ ወይራ የሌለው ሰሜኑ ግን ተጨነቀ። መፍትሔው ምን ሆነ? ገንዘብ ከፍሎ በጾም ቅቤ የመብላት ፈቃድ ማግኘት። ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ካቴድራል ብትሄዱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተጀመረ ረጅም ማማ ታያላችሁ፤ ስሙ እስከ ዛሬ «የቅቤ ማማ» ነው። ሕዝቡ እንደሚለው የታነጸው ከዚሁ ፈቃድ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ሉተር በ1520 በጻፈው ጽሑፍ በዚህ የቅቤ ንግድ ላይ ክፉኛ አላግጧል፤ እውነቱን ነበር። ሄርማስ ለመበለት ያዘዘው ገንዘብ ለድንጋይ ዋለ። በዚያ ላይ ገንዘቡ የመጣው ከመጾም አልነበረም፤ ካለመጾም ነው። ማማው ግን ውብ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በዚያው ዘመን ጣሊያን ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከተሞቹ ለዐቢይ ጾም ሰባኪ ይጋብዙ ነበር፤ ፍራንሲስካዊው መነኩሴ አደባባይ ላይ ቆሞ በየቀኑ ይሰብካል። ከዚህ ስብከት ውስጥ ድሃ ዕቃውን አስይዞ በአነስተኛ ወለድ የሚበደርበት የብድር ቤት ተወለደ። በ1462 ፔሩጃ ከተማ የተከፈተው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ በጣም ብልህ ነው፤ ምጽዋቱ በአንድ ቀን ተበልቶ አያልቅም፣ እየተመለሰ ሌላውን ይረዳል። ከዚሁ ስብከት ግን ጥላቻም ወጥቷል። ቤርናርዲኖ ዳ ፌልትሬ የብድር ቤቶቹን ከተማ ለከተማ ያስፋፋ ሰው ነው፤ በአይሁድ አበዳሪዎች ላይ ሕዝብ ያነሣሣም እሱው ነው። በ1475 በትሬንቶ ከተማ የዐቢይ ጾም ስብከቱን ከሰበከ በኋላ፣ በፋሲካ ሰሞን አንድ ሕፃን ሞቶ ተገኘና አይሁድ ገደሉት ተብሎ በሐሰት ተከሰሱ፤ በሥቃይ አስገድደው አናዘዟቸው፣ ገደሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን እንደ ሰማዕት ማክበርን የሻረችው በ1965 ነው። ስለ ጾምና ስለ በጎ አድራጎት ስናወራ ይህንን መዝለል ደስ ይል ነበር፤ ሐቀኛ ታሪክ ግን አይሆንም።

ብዙ ዘመን ልዝለልና ወደ ጀርመን ልምጣ። በ1946 ዓመት ማብቂያ ምሽት የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ዮሴፍ ፍሪንግስ ለስብከት ቆመው፣ ሕዝቡ በብርድ እየረገፈ ነበርና፣ ለሕይወት የግድ የሚያስፈልገውን በሥራም በልመናም ያጣ ሰው መውሰዱ ይፈቀድለታል አሉ። ምእመናኑ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባቸው፤ ከባቡር ላይ የድንጋይ ከሰል የሚያወርዱት እነሱ ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1958፣ እኚሁ ካርዲናል ፉልዳ ላይ ለተሰበሰቡት የጀርመን ጳጳሳት አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፦ ጀርመን አሁን ጠግባለች፤ በዐቢይ ጾም ከየቁምስናው ይሰበሰብና በዓለም ለተራቡትና ለታመሙት ይላክ። «ሚዜሬዮር» የተባለው ድርጅት የተወለደው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው መዋጮ በ1959 ጾም ተደረገ። እኔን የሚገርመኝ የጊዜው ማጠር ነው። ከሰል የሰረቀችው እናት ገና ጎልማሳ ሳለች ሙዳየ ምጽዋቱ ለሌላ አህጉር ዞረላት። ረሃብን ያወቀ ሕዝብ ባይሆን ኖሮ ጥሪው እንዲህ የሚሰማ አይመስለኝም።

በእንግሊዝ ይህን መሰሉን የጾም መዋጮ የጀመሩት ሴቶቹ ናቸው። በመጋቢት 1960 የካቶሊክ ሴቶች ማኅበራት አንድ ዓርብ መርጠው የቤተሰብ ጾም ቀን አወጁ፤ ገንዘቡ የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ዶሚኒካ ለእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ዋለ። ካፎድ የተባለው የጳጳሳቱ ድርጅት የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ነው። አየርላንድ በ1973 ትሮካይሬን አቋቋመች፤ የጾም መዋጮ የሚጠራቀምባት የካርቶን ሣጥኗ በየቤቱ ተቀመጠች። የጳጳሳት ውሳኔ በየታሪኩ መጽሐፍ ፊት ፊት ይጻፋል፤ ሻይ እያፈሉ ሳንቲም የቆጠሩት ሴቶች ግን በግርጌ ነው የሚገኙት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጾሙ ሕግ ራሱ እየላላ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በየካቲት 1966 ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ፣ በላቲን ሥርዓት የግድ የሚጾሙት ቀናት የአመድ ረቡዕና ዕለተ ስቅለት ብቻ ሆኑ። ከሥጋ መከልከል ለዓርቦች ቀረ፤ እሱም ቢሆን ጳጳሳቱ በሌላ የንስሐ ሥራ ሊተኩት ይችላሉ። የሕጉ መላላትና የሣጥኑ መምጣት በአንድ ዘመን መገጣጠማቸው ድንገት አይመስለኝም። በሆድ ላይ የነበረው ግዴታ ሲቀል፣ ወደ እጅ ተዛወረ።

አሜሪካ እዚህ ላይ የራሷ ቀልድ አላት። በሲንሲናቲ የማክዶናልድ ቅርንጫፍ የነበረው ሉ ግሮን አብዛኞቹ ደንበኞቹ ካቶሊኮች ስለነበሩ ዓርብ ዓርብ ገበያው ይሞትበት ነበር። የዓሣ ሳንድዊች ፈለሰፈ። የኩባንያው አለቃ ሬይ ክሮክ ደግሞ በሥጋ ፋንታ አናናስ የገባበትን የራሱን ፈጠራ ወደደ። በ1962 ስቅለት ሁለቱን አወዳደሩ፤ ዓሣው 350፣ አናናሱ 6 ተሸጠ ይባላል። ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የእኛን አገር ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። የጾም ዓርብ ዓሣ ግን ቁምስናዎቹንም ይመግባቸዋል፤ በሚልዋኪም ሆነ በሲንሲናቲ የቁምስናው ወንዶች ሽርጥ ታጥቀው ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ጎረቤቱ ካቶሊክ ሆነም አልሆነ ተሰልፎ ይገዛል፣ ገቢው ለቁምስናው ትምህርት ቤት ወይም ለችግረኞች ይውላል። ሄርማስ ቢያየው ግራ ይገባው ነበር፤ ገንዘቡ የሚገኘው እየተበላ ነውና።

ወደ ሄርማስ ልክ የተመለሰው ሌላ ሐሳብ የተጀመረው በ1975 በፔንሲልቬንያ፣ በአለንታውን ሀገረ ስብከት ነው። የሳህል ድርቅ በአፍሪካ ብዙ ሕዝብ በጨረሰበት ጊዜ ሞንሲኞር ሮበርት ኮል ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆነው ለየቤተሰቡ የሩዝ ሳሕን ምሳሌ የሆነች ዕቃ አደሉ፦ በሳምንት አንድ ቀን ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ የቀረውን ዋጋ እዚህ ክተቱ። በ1976 ፊላደልፊያ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ ርዕሱ የሰው ልጅ ረሃብ ስለነበር ሐሳቡ ተስፋፋ፤ በ1977 የአሜሪካ ጳጳሳት የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት፣ ሲአርኤስ የምንለው፣ ፕሮግራም አደረጉት። ከተሰበሰበው 75 በመቶው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ 25 በመቶው እዚያው ሀገረ ስብከት ላለው ችግረኛ ይቀራል። ይህችን 25 በመቶ እወዳታለሁ፤ በሩቅ ያለውን ድሃ መውደድ አንዳንዴ ደጅ ላይ ከቆመው መሸሻ ይሆናልና።

ሲአርኤስ ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት የጀመረው በ1958 ነው። በ1984ቱ ረሃብ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ ሲአርኤስ፣ መካነ ኢየሱስና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እህሉን በአንድነት ያሠራጩ ነበር። በየቁምስናው ሣጥን ከተጠራቀመው ሳንቲም ወደ እኛ የመጣ አለ፤ ሰው አትርፏል። አብሮት የመጣ ሌላ ነገርም አለ፦ አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ፎቶግራፍ። ያ ሥዕል ገንዘብ ሰብስቧል። ከ50 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ አንድ ዓርብ በሚጾም ሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በረሃቡ ብቻ ሆነ። በ1989 የአውሮፓ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ስለ ሥዕልና ስለ መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት ከዚህ ወቀሳ በኋላ ነው። ዘግይቷል እላለሁ፤ በተለይ ካቶሊኮቹ ሌላ መንገድ እንዳለ ቀድመው ያውቁ ስለነበር።

መንገዱ ይህ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በዐቢይ ጾም በመሠዊያውና በምእመኑ መካከል ትልቅ መጋረጃ ይሰቀል ነበር፤ ጀርመኖች የረሃብ ጨርቅ ይሉታል። ኦስትሪያ ውስጥ በጉርክ ካቴድራል ያለው በ1458 የተሠራ ሲሆን 99 የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች አሉበት። ልማዱ በአብዛኛው ቦታ ከጠፋ በኋላ፣ ሚዜሬዮር በ1976 መልሶ አነሣው፤ ሥዕሉን ግን ጀርመናዊ አልሣለውም። የመጀመሪያው ከሕንድ መጣ። ለ1978 የተመረጠው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ አለማየሁ ብዙነህ ነው። ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ታሪኮችን በእኛ አሣሣል፣ በእኛ ቀለም ሠራ፤ ጨርቁ እየታተመ በጀርመን ቁምስናዎች ተሰቀለ። ምእመናኑ በጾሙ ሳምንታት ፊቱ ተቀምጠው ጸለዩ፤ ልጆች በካቴኪዝም ክፍል ተማሩበት። ከድርቅና ከጦርነት አገር የሄደላቸው በረከት እንጂ ልመና አልነበረም። ከአለማየሁ በኋላ በ1982 የሄይቲው ዣክ ሼሪ፣ በ1992 ደግሞ የአርጀንቲናው የኖቤል ተሸላሚ አዶልፎ ፔሬዝ ኤስኪቬል ሠርተዋል፤ ልማዱ ዛሬም አልተቋረጠም።

የ1978ቱን ጨርቅ ቅጂ ያየ ወይም ያለው ሰው በመካከላችን ካለ ከሻዩ በፊት ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።