አንድ ሕንፃ ለብዙ ተግባር፦ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በተጣበበ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለገብ ሕንፃ ስለ መንደፍ ነው። ነገሩን በጥቅል ከማቅረብ አንድ የታወቀ ሥፍራ ይዞ መናገር ይሻላል ብዬ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኝበትን የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ መርጫለሁ።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚህ ኮረብታ ላይ መሽጎ ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ በመያዙ ምሽጉን ለቅቆ ለመውጣት እንደ ተገደደ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ታሪክ የኛም ሙያ የሚወስደው ትምህርት አለ። እዚህ ኮረብታ ላይ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ውኃውን ከየት እንደሚያገኝና የት እንደሚያኖር አስቀድሞ መመለስ ይገባዋል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የእርሻ ኮሌጁ በጥቂት ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር የመሬት ጥበት የሚያሳስብ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ከቢዝነስ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ ግን የተማሪው ቍጥር እጅግ በዛ። በአገራችን ግቢዎች እንደ ተለመደው፣ የትምህርት ክፍል በተከፈተ ቍጥር ለርሱ ብቻ የሚሆን ሕንፃ ይጠየቃል። የሚወሰደው መሬት ግን የዛፍ ጥላ፣ የጎርፍ መውረጃና ተማሪ ቆሞ የሚነጋገርበት ሜዳ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተገነባበት አይመለስም። ስለዚህ ሁለገብ ሕንፃ የሚያስፈልገን መሬት ለመቈጠብ ነው፤ ቍጠባውም የሚገኘው ፎቅ በመጨመር ብቻ ሳይሆን አንዱን ክፍል በቀኑ ልዩ ልዩ ሰዓት ለልዩ ልዩ ሥራ በማዋል ነው።

ሁለገብ የተባለ ሕንፃ ሁሉ ግን ሁለገብ አይደለም። ለሁሉ ይሁን ተብሎ ለማንም ሳይመች የሚቀር አለ። በአንጻሩ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን እንመልከት። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የጥናት ተቋምና ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። በመቐለም በ1870ዎቹ በጃኮሞ ናሬቲ መሪነት የታነጸው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ኋላ ሙዚየም ሆኗል። ሁለቱም ሲሠሩ ይህ አልታሰበላቸውም። ለአዲሱ ተግባር ያበቃቸው የክፍሎቻቸው ስፋት፣ የጣሪያቸው ከፍታና የብርሃናቸው መልካምነት ነው። እንግዲህ ነዳፊው የሚጸናውን ከሚለዋወጠው መለየት አለበት፤ ዓምድ፣ ወለል፣ ደረጃና የቧንቧ መስመር ይጸናሉ፤ ግድግዳና ዕቃ ይለዋወጣሉ።

ይህን ወደ ልክ እንለውጠው። ዓምዶቹን በየ7 ሜትር ከ20 ብናቆም፣ በሁለቱ መካከል 3 ሜትር ከ60 ስፋት ያላቸው ሁለት ቢሮዎች ወይም አንድ መማሪያ ክፍል ይገባሉ፤ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛም በዚሁ ልክ ይደረደራል። የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚሸከም ወለል ከመማሪያ ክፍል ወለል ከእጥፍ የበለጠ ጭነት ስለሚያርፍበት፣ መጻሕፍቱ በምድር ቤቱ ቢቀመጡ ለላይኛው ፎቅ ሁሉ ከባድ ወለል ከመክፈል ያድናል። ትልቁ አዳራሽ በመካከሉ ዓምድ ስለማይፈልግ ከፎቆቹ ሥር ሳይሆን ከጎናቸው ይቀመጥ፤ የራሱም መግቢያ ይኑረው፤ ማታ ለስብሰባ ሲከፈት ሌላው ክፍል ተቈልፎ እንዲያድር።

ቍልፍን ካነሣሁ አይቀር፣ የክፍሎቹ ቍልፍ በየትምህርት ክፍሉ እጅ ከሆነ ሕንፃው በስም ብቻ ሁለገብ ነው። ድልድሉን አንድ ጽሕፈት ቤት እንዲይዘው ንድፉ ሳይጀመር ከዩኒቨርሲቲው ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

የአካባቢውም ጠባይ አለ። መቐለ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ 37 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሕንፃው ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ አጭር ጥላ መከላከያ ይበቃዋል፤ መስኮቱን ወደ ምዕራብ የከፈተ ክፍል ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዐይኑን ይወጋዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ከፍታ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ የመቐለ ግንበኞች ጠንቅቀው የሚያውቁት የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ፣ ሼልና ዶለራይት እየተፈራረቁ ስለሚገኙ ግን ከጎረቤት ሕንፃ የመሠረት ጥናት መቅዳት አደገኛ ነው፤ ጕድጓዱ በየሥፍራው ይመርመር።

ውኃውን በሚመለከት፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብንወስድ፣ 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 480 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይሰበስባል። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ አሸንዳ ብቻውን አይበቃም፤ የማጠራቀሚያው ጋን ከአዳራሹ ወለል ሥር ከመሠረቱ ጋር አብሮ ይሠራ። ከሕንፃው በኋላ የሚታሰብ ጋን ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ይቀራል።

በመጨረሻም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትግራይ ከኤሌክትሪክና ከስልክ ለረዥም ጊዜ ተቋርጣ ነበር። በመቐለም ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። የመማሪያ ክፍል የቤተ ሰብ ማደሪያ ሲሆን የሚጐድለው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታየ፤ በቂ መጸዳጃ፣ ቀረብ ያለ ውኃ፣ ጭስ የሚያስወጣ የማብሰያ ሥፍራ፣ ሽማግሌና አካል ጕዳተኛ የሚወጣበት ዘንበል ያለ መንገድ። እነዚህ ሁሉ በሰላምም ቀን ለተማሪ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሁለገብነትን ስንነድፍ የደኅናውን ዘመን የሰዓት ድልድል ብቻ አንመልከት። መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን የሚነበብበት፣ ማንሻው ሲቆም በእግር የሚወጣ፣ ቧንቧው ሲነጥፍ ከራሱ ጋን የሚያጠጣ ሕንፃ ነው ለብዙ ተግባር የበቃ።

የማኅበራችን አባሎች እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠን ስለ ፊት ለፊቱ መልክ ከመነጋገራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሕንፃው የሚወስደው መሬት እስከ ዛሬ ምን ያገለግል ነበር? ቍልፉን የሚይዘው ማን ነው? ውኃው የት ያድራል? ለነዚህ መልስ ያልተገኘለት ንድፍ ለሥራ ተቋራጭ መሰጠት የለበትም።