የዶሮ ቤት በአነስተኛ ወጪ ስለ መሥራት

(በሰፈራችን የልማት ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን የ45 ቀን ጫጩት እየገዛን ማርባት ይዘናል። ይህ መልካም ነው። ግን ዶሮዎቹ የት ነው የሚያድሩት? አንዳንዱ ማድ ቤት፣ አንዳንዱ አልጋ ሥር ነው የሚያሳድራቸው። ባለፈው ክረምት ከአንዲት እኅታችን ግቢ ሸለምጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ሰባት ዶሮ ፈጀባት። የእቁብ ብሯን ነበር ያዋለችበት። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነው።

የዶሮ ቤት ሲባል ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚታየው ሰው አለ። አያስፈልግም። አሥር ዶሮ ላለው ሰው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃዋል። ፊቱ 2 ሜትር፣ ጀርባው 1 ሜትር ከ60 ቢቆም ጣሪያው ውኃ ያወርዳል። ለማዕዘኑ የባሕር ዛፍ አጠና ይሁን፤ እግሩን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ እንዳይበላው። ወለሉን በድንጋይና በአፈር ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉ። ግድግዳውን እስከ ወገብ በድንጋይ ወይም በጭቃና በጭድ ምረጉት። ከዚያ በላይ ሽቦ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ሰው ለዶሮዎቹ አዝኖ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ዶሮ ግን ላባ አላት፤ ደረቅ ብርድ ትችላለች። የማትችለው እርጥበትና የኩሷን ሽታ ነው። ዓይኗንና ሳንባዋን ይጎዳል። ስለዚህ ላዩ ክፍት ሆኖ ሽቦ ይሁን፤ ማታ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ብቻ ጆንያ ጣሉበት።

ቆጡ ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ለአሥሩ 2 ሜትር፣ ማለት የቤቱ ርዝመት ልክ ነው። የእንቁላል መጣያው ለአምስት ዶሮ አንድ፣ ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው፤ ለአሥሩ ሁለት ይበቃል። መጣያው ከቆጡ ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ እዚያው ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይበላሻል። ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ፤ የራሰውን ቶሎ አውጡ። በአንድ ጥግ ደረቅ አመድ አኑሩላቸው፣ ሲንከባለሉበት ቅንቅን ይቀንስላቸዋል።

አሁን ወደ ወጪው ልምጣ። አሮጌ በር፣ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ የዕቃ ሣጥን ጣውላ በየጓሮአችን ተጥሎ አለ አይደል? ገንዘባችሁን በሦስት ነገር ላይ አውሉት፤ በሽቦ፣ በሚስማር፣ በማጠፊያና በመቀርቀሪያ። ሽቦው ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላውም ያልፋል። ከሥሩም ቆፍሮ እንዳይገባ ዙሪያውን ድንጋይ ቅበሩ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ግን ለውኃ ማጠጫ አታድርጉ።

ለምን ቆጥቡ እላለሁ? አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። አሥሩ በወር 36 ኪሎ ይበላሉ። ብሩን ቤቱ ላይ ጨርሶ መኖ ያጣ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል። ደግሞም ቤት ብቻውን ፈንግልን አይከለክልም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ የእንስሳት ሐኪም በሚነግራችሁ ቀን አስከትቡ። ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

የመጨረሻው ነገር ጉርብትና ነው። በአንድ ግቢ አራት አምስት አባወራ የምንኖር አለን። በዶሮ ሽታ የተነሳ ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤታሞች ወደ ማኅበሩ መጥተው አስታርቀናል። ስለዚህ ቤቱን ከሰው መስኮትና ከውኃ ጉድጓድ አርቃችሁ ሥሩ፤ ከመጀመራችሁም በፊት ጎረቤትን አማክሩ። ኩሱን ከጭዱ ጋር ከምራችሁ አብላሉት፤ ለጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ከጨመራችሁት ግን ተክሉን ያቃጥለዋል። ከእሱ ለጎረቤት ብታካፍሉ ደግሞ ቅሬታውም ይበርዳል።

ማኅበሩ ያሰበው ይህ ነው። አንድ ሙሉ ጥቅል ሽቦ በጋራ ገዝተን በሜትር እንካፈለው። ሥራውንም ቅዳሜ ቅዳሜ በደቦ ከግቢ ግቢ እየዞርን፣ ሰኔ ሳይገባ እንጨርሰው። አቅም ከሌላቸው አረጋውያን እንጀምራለን። የሚፈልግ ሰው የዶሮውን ብዛት ይዞ እኔ ዘንድ ይመዝገብ። መዶሻና መጋዝ ያለውም ያንኑ ያስመዝግብ።