አማካዩ የደበቀው ሲሊንደር፦ ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሞተርን ጤንነት ስለ መመርመር

(በምህንድስና ፋኩልቲ አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ለዛሬው ንግግር መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ስለ ሮታሪ ሞተር እያስተማርሁ ሳለ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ይህ ሞተር ያለው አሮጌ የስፖርት መኪና ለመግዛት ቢፈልጉ የሞተሩን ጤንነት በምን ያረጋግጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጎንደር ጎዳናዎች የምናየው ባጃጅ፣ ሚኒባስና አይሱዙ ነው። እኔ በተወለድሁባት በሳንጃ ደግሞ መኪና የሚገዛው ሰሊጥና ማሽላ ለመጫን እንጂ ለሽቅድምድም አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። የጥያቄው መልስ ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ፣ ታናሽ ወንድሜ ሀብቱን ባላጣ ነበርና ነው።

ታሪኩን ላስቀድም። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወንድሜ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ፣ የቀረውን ተበድሮ፣ አንድ ያገለገለ አይሱዙ የጭነት መኪና ለመግዛት ከሳንጃ ወደ ጎንደር መጣ። ሰሊጥ ከመታጨዱ በፊት መኪናውን በእጁ ማድረግ ፈልጓል። እኔ በሰጠሁት ምክር መሠረት መካኒክ ይዞ ሄደ፤ መካኒኩም የአራቱን ሲሊንደሮች የእመቃ ግፊት፣ በጋራዥ ቋንቋ «ኮምፕሬሽኑን»፣ በጌጅ ለካ። ወንድሜ ደወለልኝ። ስብሰባ ላይ ነበርሁ። «ጋሼ፣ ቁጥሮቹን ላንብብልህ?» አለኝ። «አማካዩን ብቻ ንገረኝ» አልሁት። ከመካኒኩ ጋር ተመካክሮ፣ «21 ባር ነው፤ ሻጩ ግን በመጽሐፉ 30 ገደማ መሆኑን ራሱ ነግሮናል፤ የቀነሰው በደጋው አየር ነው ይላል» አለ። በአእምሮዬ አሰላሁ። የደጋው አየር 30ውን ወደ 23 ያወርደዋል፤ ከ23 ወደ 21 መውረዱ ደግሞ ላገለገለ ሞተር የሚያስደነግጥ አይደለም። «ደህና ነው፤ ግዛው» አልሁት።

በኅዳር ወር መኪናው ሰሊጥ እንደ ጫነ ከሳንጃ ወደ ጎንደር በሚወጣው ዳገት ላይ ቆመ። ቴስታታው ሲወርድ የአራተኛው ሲሊንደር ፋሻዎች፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበቶች፣ ተሰባብረው የሲሊንደሩን ግድግዳ ቧጥጠውት ተገኙ። ያን ጊዜ መካኒኩ መስከረም ላይ የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አየሁ። 23፣ 22፣ 23፣ 16 ይላል። አማካዩ በእርግጥም 21 ነው።

ወንድሜ አልወቀሰኝም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ጋሼ፣ በሬ ቢሆን ኖሮ አልገዛውም ነበር።» ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ያስኬደዋል። ሦስቱ እግሮች ደህና ናቸውና አራተኛው ቢያነክስም በአማካይ ጤነኛ ነው የሚል ገበሬ ግን አላየሁም። ይህን ያልሁት የዶክትሬት ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ፤ ሮታሪ ሞተር ይህንኑ ስሕተት አጉልቶ የሚያሳይ መስተዋት ነውና። በጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ስም የሚጠራው ይህ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስቶን የለውም። በምትኩ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር በሞላላ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል። ኤንኤስዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ አቀረበው፤ የጃፓኑ ማዝዳ በ1967 ተከተለ፤ በ1991 ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሞተር የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን አሸነፈ። ከ2003 እስከ 2012 የተመረተው ማዝዳ አር ኤክስ 8 ዛሬ በዓለም ገበያ በርካሽ ከሚገኙት የስፖርት መኪኖች አንዱ ነው። የርካሽነቱ ዋና ምክንያት ገዢዎች ሞተሩን መፍራታቸው ነው።

የሚፈሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የሮተሩ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ላይ የተገጠሙ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ፤ ሥራቸው የፒስቶን ፋሻ ሥራ ነው። እነርሱ ሲያልቁ እመቃው ያመልጣል። አንድ ሮተር ሦስት ገጾች አሉት፤ እያንዳንዱም ገጽ ለብቻው አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ የአር ኤክስ 8 ሁለት ሮተሮች ስድስት ንባብ ሊሰጡን ይገባል። ነገር ግን ለፒስቶን ሞተር የተሠራውን የተለመደ ጌጅ በካንዴላው ቀዳዳ ብንሰካ አንድ ቁጥር ብቻ እናገኛለን። ጌጁ ውስጥ ያለው አየር የማይመልስ ቫልቭ ከሦስቱ ገጾች የጠነከረውን ግፊት ይዞ ያስቀራል፤ የሁለቱ ድካም አይታይም። ለዚህ ነው ለሮታሪ ሦስቱን ገጾች ለየብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ የሚያስፈልገው። እርሱ ከሌለ የጌጁ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር የመርፌው ሦስት ትርታ እኩል መሆኑ ይታያል። ሁለት ጠንካራ ትርታና አንድ ደካማ ከታየ ማሸጊያው ተጎድቷል ማለት ነው።

ትይዩነቱን አስተውሉ። ያ ጌጅ ከሦስቱ ትልቁን ነግሮን ደካማውን ይደብቃል። እኔም በስልክ አማካዩን ጠይቄ ደካማውን ደበቅሁ። ጌጁ ዕቃ ነው፤ እኔ ግን ምን እንደምጠይቅ ማወቅ ነበረብኝ።

አሁን ሻጩ ወዳነሣው፣ እኔም በቀላሉ ወደ ተቀበልሁት ምክንያት ልለፍ፤ ወደ ደጋው አየር። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነውና ንባቡ በዚያው መጠን ይወርዳል። ለአር ኤክስ 8 አምራቹ ሞተሩ በደቂቃ 250 ጊዜ ሲዞር መደበኛው ንባብ 830 ኪሎፓስካል፣ ዝቅተኛው 680 እንዲሆን ወስኗል። ያንኑ አዲስ ሞተር ጎንደር አምጥተን ብንለካው በግምት 640 ያነባል። ማለትም መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ገዢ ፍጹም ጤነኛ የሆነውን ሞተር «ወድቋል» ብሎ ይመልሰዋል።

ተቃራኒውም አለ። ከጎንደር በሳንጃ በኩል ወደ ሑመራ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ሑመራ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያነብ የናፍጣ ሞተር ጎንደር ላይ 23፣ ሑመራ ላይ 28 ገደማ ያነባል። እንግዲህ ሑመራ ላይ 24 ያነበበ የደከመ ሞተር፣ ጎንደር ላይ 23 ካነበበው ጤነኛ ሞተር የተሻለ መስሎ ሊቀርብ ነው። ስለዚህ ቁጥር ሲነገራችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የት ተለካ?» ብላችሁ ይሁን።

ሆኖም የደጋ አየር ለአራቱም ሲሊንደሮች እኩል ነው። ሦስቱን ምሮ አንዱን ብቻ አይበድልም። የወንድሜ ሞተር 23፣ 22፣ 23፣ 23 ቢያነብ ኖሮ የሻጩ ምክንያት ልክ ይሆን ነበር። 16ቱ ግን በአየር አይመካኝም። የተናጠሉ ቁጥር በከፍታ፣ በባትሪው ጉልበት፣ በሞተሪኖው ፍጥነት ይዋዥቃል፤ ሲሊንደር ከሲሊንደር፣ ገጽ ከገጽ ጋር ማነጻጸር ግን ያለ መጽሐፍም ይመሰክራል። አሥር ከመቶ የሚያህል ልዩነት ላገለገለ ሞተር ይታለፋል፤ አንዱ ከሌሎቹ በሠላሳ ከመቶ ካነሰ ግን ስምምነቱ መቆም ነበረበት።

ይህ ጉዳይ ከእኔ ቤት አልፎ ለምን ያሳስበናል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። የፖሊሲዎቹን ጥቅምና ጉዳት ሌሎች ይመዝኑት። ለእኛ ለመካኒካል መሐንዲሶች ትርጉማቸው ግን አገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፉ ለረጅም ዓመታት ይኖራሉ ማለት ነው። ሊብሬው የባለቤቱን ስምና የሞተሩን ቁጥር ይነግረናል እንጂ የፋሻውን ሁኔታ አይነግረንም። የቆጣሪው ኪሎሜትር ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን ያያል እንጂ የሲሊንደሮችን እመቃ አንድ በአንድ ለመለካት የታሰበ አይደለም። ክፍተቱን የሚሞላው ገዢው ይዞት የሚሄደው ሰው ነው። ብዙ ጊዜም ያ ሰው ከዚህ ፋኩልቲ የወጣ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ፣ የፒስቶን ሞተር ቀዝቅዞ ሳለ ይታይ። ሲሞቅ ፒስቶኑ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ድካሙ ይደበቃል። ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ድረሱና ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ነገ በማለዳም ተመለሱ። ሮታሪ ግን በተቃራኒው ነው፤ ደካማው ሮታሪ የሚጋለጠው ሞቆ ከጠፋ በኋላ ወዲያው እንዲነሣ ሲጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ አንብቡ። ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያስጠረጥራል። ጥቁሩ ነዳጅ ከአየሩ መብለጡን ያሳያል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ አሮጌ ናፍጣ ጥቂት ቢያጠቁር ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ሮታሪ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሲባል በአሠራሩ ጥቂት ዘይት ያቃጥላል፤ የፒስቶን ሞተር ግን ይህ ሰበብ የለውም።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየገፋ ከወጣ ግፊቱ በፋሻዎቹ በኩል እያመለጠ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ዘይቱ ከልክ በላይ ከወፈረም ጭስን ለመሸፈን የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ እመቃውን ለኩ፤ ሁሉንም ሲሊንደሮች፣ በተሞላ ባትሪ። በቤንዚን ሞተር ደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው፤ ባለበት ከቀረ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን ጋስኬት ጠርጥሩ። በናፍጣ ሞተር ግን ይህን አታድርጉ፤ የማመቂያው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የተጨመረው ዘይት ሐሰተኛ ንባብ ይሰጣል፣ ሞተሩንም ሊጎዳ ይችላል።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ጻፉ፤ የተለካበትን ቦታም ጨምራችሁ። ሻጩ መለካትን ከከለከለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ባልደረቦቼ፣ ለእኛም አንድ ቃል አለኝ። ሮታሪ ሞተርን ስናስተምር በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደ ጉድ አሳይተን እናልፈዋለን፤ የእመቃ ልኬትንም በቤተ ሙከራ ደህና በሆነ ሞተር ላይ እናስለካለን። ተማሪው አራት እኩል ቁጥሮች ጽፎ፣ አማካዩን አስልቶ፣ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። አማካይን መውደድ ያስተማርነው እኛው ነን። ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ በእኔ ቤተ ሙከራ አንዱ ሲሊንደር የተጎዳ ሞተር ይኖራል፤ የትኛው እንደሆነም አልናገርም። አማካዩን ብቻ ጽፎ የመጣ ተማሪ ሥራውን ይደግማል።

ወንድሜ ያን መኪና በቀጣዩ ዓመት በኪሳራ ሸጠው። ሊገዛ የመጣው ሰው ምን እንደ ነገረው ጠየቅሁት። ብጣሿን ወረቀት እንዳሳየው፣ ከጥገናው በኋላ የተለካውንም ከሥሯ እንደ ጻፈበት ነገረኝ። አራቱንም ቁጥሮች። ዋጋው በዚያ ምክንያት ዝቅ ብሎበታል። «እርሱም የሚጠይቀው የተማረ ወንድም ይኖረው ይሆናል፤ ምናልባት ስብሰባ ላይ ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስልካችሁ ይጮኻል። ደዋዩ አጎታችሁ ወይም የሠፈራችሁ ሰው ይሆናል፤ በእጁ ያለው ገንዘብ የበሬ፣ የመሬት ኪራይ ወይም የብድር ገንዘብ ይሆናል። ከስብሰባው ውጡ። ቁጥሮቹን ሁሉ አስነብቡ፤ ትንሹንም ደግሞ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።